የኢንተርኔት ሜይል የሚባለው የቱ ነው? ስለ ኤስኤምቲፒ፣ አይማፕ፣ ፖፕ እና ኤክስቼንጅ

ሰላም_ኔት
ሰላም ለሁላችሁ። ሠላሳ ገደማ ሠራተኞች ላሉት ቅርንጫፍ በራሱ ዶሜይን ኢሜይል እየተዘረጋ ነው። ሆስቲንግ የሚሰጠው ድርጅት የላከው ቅጽ ላይ ኤስኤምቲፒ፣ አይማፕ፣ ፖፕ3፣ ኤምኤክስ፣ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም የሚሉ ስሞች ተደርድረዋል። የትኛው ምን ሥራ እንደሚሠራ በቅደም ተከተል የሚያስረዳኝ እፈልጋለሁ። ሌላው ጥያቄ፦ ዋናው መሥሪያ ቤት ኤክስቼንጅ (የማይክሮሶፍት የሜይል ሰርቨር) ይጠቀማል፤ እዚያ ያሉት ባለሙያዎች "የእኛ የውስጥ ሜይል እንጂ የኢንተርኔት ሜይል አይደለም" ይላሉ። ልዩነቱ በተግባር ምንድን ነው? ከጂሜይል ወደ ጂሜይል የሚሄደውስ ከየትኛው ይመደባል?

ፖስታ25
ሥራው ሦስት ነው፦ ማስረከብ፣ ማስተላለፍ፣ ማንበብ። ቅጹ የሚያስቸግረው ሦስቱ ሲደባለቁ ነው።

ማስረከብ ማለት አውትሉክ፣ ተንደርበርድ ወይም የስልኩ መተግበሪያ የተጻፈውን መልእክት ለራሳችሁ ሰርቨር ሲሰጥ ነው። የሚጠቀሙት ፕሮቶኮል (የመነጋገሪያ ደንብ) ኤስኤምቲፒ ነው፤ ፖርቱ (የግንኙነቱ በር ቁጥር) 587 ወይም 465። በ587 ግንኙነቱ ሳይመሰጠር ይጀምርና "ስታርት ቲኤልኤስ" በሚለው ትእዛዝ ወደ ምስጢራዊ ይለወጣል። በ465 ግን ከመጀመሪያው ባይት ጀምሮ የተመሰጠረ ነው። በ2018 የወጣው አርኤፍሲ 8314 የተባለው የኢንተርኔት አሠራር ሰነድ በቀጥታ የሚመሰጠረውን 465 ያስቀድማል (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በአውሮፓ አቆጣጠር ነው)። እዚህ ላይ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ግድ ነው።

ማስተላለፍ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ነው። የእናንተ ሰርቨር ከተቀባዩ አድራሻ ላይ ከአት ምልክቱ በኋላ ያለውን ዶሜይን ይወስድና የዚያን ዶሜይን የኤምኤክስ ሪከርድ (ሜይል የሚቀበለውን ሰርቨር የሚጠቁም መዝገብ) ከዲኤንኤስ (ከኢንተርኔት የስም ማውጫ) ይጠይቃል። የቅድሚያ ቁጥሩ ያነሰው ይቀድማል፤ 10 እና 20 ካሉ መጀመሪያ የሚሞከረው 10 ያለው ነው። ኤምኤክስ ጭራሽ ከሌለ የዶሜይኑ የራሱ አይፒ አድራሻ ይሞከራል። ይህን ልብ በሉ፤ ኤምኤክስ ሳይሞላ ከቀረ መልእክቱ ዌብሳይቱ ወዳለበት ማሽን ሊሄድ ይችላል፤ ያ ማሽን ሜይል የሚቀበል ከሆነ ማንም በማያየው ሣጥን ውስጥ ይከማቻል። ተቀባዩ ሰርቨር ከታወቀ በኋላ ግንኙነቱ በፖርት 25 ይካሄዳል። እዚህ የይለፍ ቃል የለም፤ ሁለቱ ሰርቨሮች ቀድሞ አይተዋወቁምና። የኢሜይል ትልቁ ጥቅምም፣ የስፓም ችግሩም የሚመነጨው ከዚህች ነጥብ ነው።

ማንበብ የመጨረሻው ነው፦ አይማፕ በ993፣ ፖፕ3 በ995። ያልተመሰጠሩት የድሮዎቹ 143 እና 110 ናቸው፤ ዝጓቸው። ዌብሜይልም ማንበቢያ ነው። አይማፕም ሆነ ፖፕ መልእክት አይልኩም። "ሜይል ይገባልኛል፣ መላክ ግን አልቻልኩም" የሚል ሰው ሲመጣ አይማፑን መነካካት ጊዜ ማባከን ነው፤ ችግሩ ያለው 587 ወይም 465 ላይ ነው።

በአገራችን ፖስታ ቤት ደብዳቤውን እስከ ፖስታ ሣጥን ቁጥሩ ያደርሳል፤ ከሣጥኑ ማውጣት የባለቤቱ ድርሻ ነው። ኤስኤምቲፒ እስከ ሣጥኑ፣ አይማፕና ፖፕ ከሣጥኑ ወዲህ ናቸው።

ኃላፊነቱን ለመለየት፦ ዲኤንኤሱ (ኤምኤክስ፣ እንዲሁም የላኪውን ማንነት ለማረጋገጥ የሚያገለግሉት ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም፣ ዲማርክ) ዶሜይኑን የሚያስተዳድረው ሰው ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜ ያ እናንተ ናችሁ። ሰርቨሩ፣ ፖርቶቹ እና የምስጠራ ሰርተፊኬቱ የሆስቲንጉ ናቸው።

አበበ_ሲስተም
ጥሩ ማብራሪያ ነው። በሁለተኛው ጥያቄ ላይ ግን የእኔ አስተያየት ቀለል ያለ ነው፦ አት ምልክትና ዶሜይን ያለው አድራሻ ካለው የኢንተርኔት ሜይል ነው። ከጂሜይል ወደ ጂሜይል የሚሄደው ከጉግል ማሽኖች ባይወጣም ማንም ሰው ኢሜይል ነው የሚለው። ኤክስቼንጁም እንደዚያው። መንገዱን ተጠቃሚው አያየውም፤ ስለዚህ በመንገዱ መመደብ ትርጉም የለውም።

ፖስታ25
አበበ፣ አድራሻው ብቻ አይበቃም። መለኪያው "የማላውቀው፣ ምንም ውል የሌለኝ ሰርቨር ይህን መልእክት ሳይለወጥ ሊረከበኝ ይችላል ወይ?" የሚለው ነው። ለዚህ ሦስት ነገር መሟላት አለበት፦ በዲኤንኤስ የሚገኝ የዶሜይን አድራሻ፣ አርኤፍሲ 5321 ያስቀመጠው ኤንቨሎፕ፣ አርኤፍሲ 5322 ያስቀመጠው የመልእክት ቅርጽ። ሁለቱ ሰነዶች የወጡት በ2008 ነው፤ ሥራቸው ግን በነሐሴ 1982 ከወጡት ከጆን ፖስቴል 821 እና ከዴቪድ ክሮከር 822 ይጀምራል። ክሮከር በ2009 ባወጣው አርኤፍሲ 5598 አጠቃላይ አሠራሩን ክፍል በክፍል አስቀምጦታል፤ ማን ላኪ፣ ማን አስተላላፊ፣ ማን አድራሽ እንደሆነ ለማየት ከሱ የተሻለ የለም።

በዚህ መለኪያ ከጂሜይል ወደ ጂሜይል የሚሄደው መልእክት የኢንተርኔት ሜይል ነው፤ በዚያ ጊዜ ረጅሙን መንገድ ባይጠቀምም ቅርጹ ሙሉ ነው። በማንኛውም ሰዓት ለሌላ ሰርቨር ቢተላለፍ የሚጎድለው የለም።

ኤክስቼንጅ ላይ ግን ልዩነቱ የሚታይ ነው። በአንድ ድርጅት ውስጥ ያሉ ሁለት ሰዎች ሲጻጻፉ ኤክስቼንጅ ሰዎቹን የሚለየው በውስጥ ማውጫ አድራሻ ነው፤ አት ምልክት ያለበት አድራሻ ለሰው ዓይን የሚታየው ስም ብቻ ነው። ይህ የሚጋለጠው በሁለት ጊዜ ነው።

አንደኛው ድርጅቱ ከአሮጌ ኤክስቼንጅ ወደ ሌላ አገልግሎት ሲዛወር ነው። ሠራተኛው ለአሮጌ የውስጥ መልእክት "ሪፕላይ" ይላል፤ ወይም አውትሉክ ያስታወሰውን ስም ይመርጣል። መልእክቱ ተመልሶ ይመጣል፤ የተመለሰው አድራሻም አይኤምሲኢኤኢኤክስ በሚሉ ፊደላት የሚጀምር ረጅም ጽሑፍ ነው። ያ የድሮው የውስጥ ማውጫ አድራሻ በኢንተርኔት አድራሻ ልብስ ተጠቅልሎ የወጣ ነው። መፍትሔው አሮጌውን የውስጥ አድራሻ በአዲሱ ሣጥን ላይ እንደ ተጨማሪ የኤክስ500 አድራሻ ማስገባት ነው። ጥቂት ሰው ከሆነ አውትሉክ ያስታወሰውን ስም አጥፍቶ አድራሻውን እንደገና መጻፍ ይበቃል።

ሁለተኛው "ዊንሜይል ዶት ዳት" የሚባለው አባሪ ነው። ላኪው ፒዲኤፍ አያይዟል፤ ተቀባዩ ጋ የደረሰው ግን የማይከፈት ዊንሜይል ዶት ዳት ነው። አውትሉክ የራሱን የውስጥ ቅርጽ ወደ ውጭ ልኮታል ማለት ነው። በአውትሉክ የመልእክት ቅርጽ ማስተካከያ ውስጥ ወደ ኢንተርኔት ለሚላኩ መልእክቶች ከሪች ቴክስት ወደ ኤችቲኤምኤል ይቀየር፤ በኤክስቼንጁም በኩል ወደ ውጭ ዶሜይኖች በሪች ቴክስት መላክ ይከልከል። ስለዚህ የዋናው መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ያሉት ትክክል ነው፤ ከእነሱ ጋር የምትገናኙት ኤክስቼንጁ ወደ ኤስኤምቲፒ በሚተረጉምበት በር ላይ ነው።

አበበ_ሲስተም
የዊንሜይሉ ምሳሌ አሳመነኝ። እንግዲያው ቴሌግራም አይገባም፤ ስልክ ቁጥር እና የአንድ ኩባንያ ሰርቨር ስለሆነ። ኤክስቼንጅ ግን በበሩ በኩል ሲያልፍ ይሆናል ማለት ነው።

የድሮ_ሞደም
ይህ ክርክር አዲስ አይደለም፤ በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ ዋና ጉዳይ ነበር። ያን ጊዜ ዩዩሲፒ፣ ቢትኔት፣ ፊዶኔት የሚባሉ መረቦች ነበሩ። ከኢንተርኔት ጋር ቀጥታ መስመር የላቸውም፤ ሜይል ግን በጌትዌይ (ሁለት መረቦችን በሚያገናኝ ማሽን) ይለዋወጣሉ። በ1996 የወጣው አርኤፍሲ 1935 ኢንተርኔት ላይ ያለውን ሰው እና ከኢንተርኔት ጋር ሜይል ብቻ የሚለዋወጠውን ሰው ለይቶ ያስቀመጠው ለዚሁ ነው።

የኤምኤክስ ሪከርድ በጥር 1986 በአርኤፍሲ 974 ሲደነገግ አንዱ ትልቅ ጥቅሙ ኢንተርኔት ላይ የሌለ ድርጅት ትክክለኛ የዶሜይን አድራሻ እንዲኖረው ማስቻሉ ነበር። ኤምኤክሱ ኢንተርኔት ላይ ያለን ጌትዌይ ይጠቁማል፤ ጌትዌዩ ደግሞ መልእክቱን በስልክ መስመር ወደ ድርጅቱ ያሻግራል። ከዚያ በፊት የዩዩሲፒ ተጠቃሚ መልእክቱ የሚያልፍባቸውን ማሽኖች ስም በቃለ አጋኖ እየለየ ራሱ አድራሻው ላይ መደርደር ነበረበት።

ለኢትዮጵያም ቅርብ ታሪክ ነው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ በሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ሥር የነበረው ፓዲስ የተባለ የልማት መረጃ ሥርዓት በፊዶኔት ቴክኖሎጂ የኢሜይል አገልግሎት ይሰጥ ነበር። ፊዶኔት አፍሪካን ዞን 5 ብሎ መድቧት ነበር። ተጠቃሚው በሞደም ይደውላል፣ መልእክቱን ያራግፋል፣ የመጣለትን ይወስዳል፤ ወደ ውጭ የሚሄደው ተጠራቅሞና ታምቆ በዓለም አቀፍ የስልክ ጥሪ ይተላለፋል። ጌትዌይ ላይ ሲደርስ የፊዶው ቁጥር ወደ ዶሜይን አድራሻ ይለወጣል። ኢትዮጵያ ሙሉ የኢንተርኔት ግንኙነት ያገኘችው በ1997 ነው። ስለዚህ ከኢንተርኔቱ በፊት የኢንተርኔት ሜይል አድራሻ የነበራቸው ኢትዮጵያውያን ነበሩ። በፖስታ25 መለኪያ ጌትዌዩ ላይ የሚደርሰው ሜይል የኢንተርኔት ሜይል ነው፤ ከጌትዌዩ ወዲህ ያለው ፊዶኔት ነው። ከኤክስቼንጁ በር ጋር አንድ ዓይነት አሠራር ነው።

ሰላም_ኔት
በጣም አመሰግናለሁ። ፖስታ25 "ኤንቨሎፕ" ያልከውን ብታብራራልኝ? ከመልእክቱ ላይ ካለው "ፍሮም" እና "ቱ" በምን ይለያል?

ሜይል_ዲሲ
እኔ ልመልስ፤ ከዚህ ክር ሁሉ አንድ ነገር ብቻ የሚያዝ ከሆነ ይህ ይሁን።

ሁለት ሰርቨሮች በፖርት 25 ሲገናኙ ንግግራቸው እንዲህ ነው። ተቀባዩ 220 ብሎ ይከፍታል። ላኪው "ኢኤችኤልኦ" ብሎ ስሙን ይናገራል፤ ተቀባዩ 250 ብሎ የሚችለውን ይዘረዝራል፦ ምስጠራ፣ የሚቀበለው ትልቁ መጠን፣ ወዘተ። ላኪው "ሜይል ፍሮም" ብሎ አንድ አድራሻ ይሰጣል። ከዚያ "አርሲፒቲ ቱ" እያለ ተቀባዮችን አንድ በአንድ ይጠራል፤ ለእያንዳንዱ 250 ወይም እምቢታ ይመለሳል። እስከዚህ ያለው ኤንቨሎፕ ነው። ቀጥሎ "ዳታ" ይላል፤ ተቀባዩ 354 ይላል፤ ሙሉው መልእክት ከነሄደሩ (ከላይ ካሉት የላኪ፣ የተቀባይና የርዕስ መስመሮች ጋር) ይላካል፤ መጨረሻውም ብቻዋን በመስመር ላይ የቆመች አንዲት ነጥብ ናት። ተቀባዩ 250 ካለ በኋላ ኃላፊነቱ የእሱ ነው። ከዚያ ወዲያ ወይ ለባለቤቱ ማድረስ ወይ ለላኪው ማሳወቅ አለበት፤ ዝም ብሎ መጣል አይፈቀድለትም።

ሄደሩ ላይ ያሉት "ፍሮም" እና "ቱ" የመልእክቱ አካል ናቸው። ሰርቨሩ ለማድረስ አይጠቀምባቸውም። ሦስት ነገሮች ወዲያው ይገለጣሉ፦

"ቢሲሲ" የሚሠራው በዚህ ነው፤ ሰውየው ኤንቨሎፑ ላይ አለ፣ ሄደሩ ላይ የለም። የሐሰት ላኪም የሚሠራው በዚህ ነው፤ ኤንቨሎፑ ላይ የራሱን ዶሜይን፣ ሄደሩ ላይ የሥራ አስኪያጁን ስም ይጽፋል። የማይደርስ መልእክት ማስታወቂያም የሚመለሰው ሄደሩ ላይ ወዳለው "ፍሮም" ሳይሆን ኤንቨሎፑ ላይ ወዳለው ነው። ማስታወቂያው ራሱ ደግሞ ባዶ የኤንቨሎፕ ላኪ ይዞ ይጓዛል፤ እሱም ባይደርስ ማስታወቂያ ማስታወቂያን እየወለደ እንዳይቀጥል ነው። "ባዶ ላኪ ስፓም ነው" ብላችሁ ፊልተር ካስገባችሁ ሠራተኞቻችሁ መልእክታቸው አለመድረሱን አያውቁም።

ተቀባዩ የመለሰው ቁጥር መጀመሪያ ላይ 4 ካለ ጊዜያዊ ነው፤ ሰርቨሩ ራሱ እንደገና ይሞክራል፣ ሰው ምንም ማድረግ አይጠበቅበትም። 5 ካለ የመጨረሻ ነው። ከጎኑ ያለው ባለ ሦስት ክፍል ቁጥር ይበልጥ ይናገራል፦ 5.1.1 እንዲህ ያለ ተጠቃሚ የለም፣ 5.2.2 ሣጥኑ ሞልቷል፣ በ5.7 የሚጀምሩት ደግሞ የደኅንነት ወይም የፖሊሲ እምቢታ ናቸው። ተጠቃሚ "አልሄደልኝም" ሲል መጀመሪያ ይህን ቁጥር ጠይቁት።

መልእክቱ የት እንደዘገየ ለማየት "ሪሲቭድ" የሚሉትን ሄደሮች ከታች ወደ ላይ አንብቡ፤ እያንዳንዱ ሰርቨር የራሱን ከላይ ነው የሚለጥፈው። ሰዓቱን ስታወዳድሩ የሰዓት ቀጠናውን እዩ። 06:00 +0000 ያለው እና 09:00 +0300 ያለው አንድ ሰዓት ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት። መዘግየት ሳይኖር ሦስት ሰዓት ዘገየ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው።

ፊደል_ኮድ
ስለ አማርኛ ማንም አልተናገረም፤ ለእናንተ ቢሮ ግን ከሁሉም በፊት የሚያጋጥመው እሱ ነው።

የመጀመሪያው ኤስኤምቲፒ 7 ቢት ብቻ ነበር የሚያሳልፈው፤ አንድ መስመርም ከ998 ፊደል መብለጥ የለበትም። ለዚህ ነው በ1990ዎቹ አማርኛን በኢሜይል ለመጻፍ ሴራ የሚባለው በላቲን ፊደል የመወከያ ሥርዓት የተሠራው። በ1992 ናትናኤል ቦረንስታይን እና ኔድ ፍሪድ ያወጡት ማይም ሌላ ጽሑፍና አባሪ የሚታሸግበትን መንገድ ሰጠ፤ የግዕዝ ፊደል ደግሞ በ1999 ዩኒኮድ 3.0 ውስጥ ገባ። ሁለቱ ሲገናኙ አማርኛ በኢሜይል ተቻለ።

ዩኒኮድን በባይት በሚጽፈው በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ነው። ማሸጊያው ሁለት ዓይነት ነው። ቤዝ64 ሦስቱን ባይት በ4 ምልክት ይጽፋል። ኮትድ ፕሪንተብል ግን እያንዳንዱን ባይት በ3 ምልክት ስለሚጽፍ አንድ ፊደል 9 ምልክት ይሆናል። "ሰላም" የምትለው ቃል በመጀመሪያው 12፣ በሁለተኛው 27 ምልክት ትሆናለች። ለአማርኛ ሁልጊዜ ቤዝ64 ምረጡ። ከዌብሳይት ቅጽ በራሱ የሚላክ መልእክት ሲሆን ፕሮግራሙ የትኛውን እንደሚጠቀም ማየት ተገቢ ነው።

የርዕሱ መስመር ሌላ ሕግ አለው። ሄደር ውስጥ የሚገባ አማርኛ በቁራጭ ይታሸጋል፤ አንዱ ቁራጭ ከ75 ምልክት መብለጥ የለበትም። የኮዱን ስምና መክፈቻ መዝጊያውን ስናነሳ ለጽሑፉ 60 ምልክት ይቀራል፤ ይህም 15 የአማርኛ ፊደል ነው። ርዕሱ ከዚያ ከበለጠ ወደ ሌላ ቁራጭ ይሄዳል። ጥሩ ፕሮግራም ቁራጩን ፊደል አልቆ ነው የሚቆርጠው፤ መጥፎው በባይት ቆጥሮ መሐል ላይ ይቆርጣል። ርዕሱ ጥሩ ሆኖ ቆይቶ በየ15 ፊደሉ አካባቢ የጥያቄ ምልክት ወይም ባዶ ሳጥን ብቅ የሚልበት ምክንያት ይህ ነው። ፎንቱን መቀየር አይረዳም፤ የላኪው ፕሮግራም ነው የሚስተካከለው።

አድራሻውን ራሱን በአማርኛ ማድረግም ይቻላል። በ2012 የወጣው ኤስኤምቲፒዩቲኤፍ8 ቅጥያ ይፈቅዳል፤ ጂሜይል ከ2014 ጀምሮ እንደዚህ ካሉ አድራሻዎች ይቀበላል፣ ወደነሱም ይልካል። ነገር ግን በመንገዱ ላይ ያለ ማንኛውም ሰርቨር ቅጥያውን ካልደገፈ መልእክቱ ይመለሳል። በዚያ ላይ ሀ፣ ሐ እና ኀ፣ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ ለማሽን የተለያዩ ናቸው። አድራሻውን በስልክ የሰማ ሰው በየትኛው እንደሚጽፍ አይታወቅም። ለሥራ ኢሜይል አሁን አልመክርም፤ የሚደረግ ከሆነ አማራጭ አጻጻፎቹን ሁሉ ወደ አንድ ሣጥን የሚያደርሱ ተለዋጭ ስሞች አድርጋችሁ መዝግቡ።

ሰላም_ኔት
በጣም ጠቃሚ ነው። ሁለት ተግባራዊ ነገር ልጨምር። ሰርቨሩን ቢሮ ውስጥ እናስቀምጥ የሚል ሐሳብ አለ፤ መብራት ወይም መስመር ሲጠፋ የሚመጣው ሜይል ይጠፋል? ሠራተኞቹስ በሞባይል ዳታ ስለሚሠሩ ፖፕ ይሻላል ወይስ አይማፕ?

ፖስታ25
ሜይሉ አይጠፋም። ላኪው ሰርቨር መገናኘት ካልቻለ ወረፋ ላይ ያስቀምጠዋል። አርኤፍሲ 5321 ቢያንስ በ30 ደቂቃ ልዩነት እየሞከረ ቢያንስ 4 ወይም 5 ቀን እንዲቆይ ይመክራል። ፖስትፊክስ የሚባለው የሜይል ሰርቨር ፕሮግራም ቅንብሩን ካልነካችሁት 5 ቀን ይጠብቃል።

ሜይል_ዲሲ
እዚህ ላይ ጥንቃቄ። ሁሉም ላኪ 5 ቀን አይጠብቅም። ኤክስቼንጅ ሰርቨር ካልተቀየረ 2 ቀን፣ የማይክሮሶፍቱ ኤክስቼንጅ ኦንላይን ደግሞ 24 ሰዓት ነው የሚሞክረው። ዋናው መሥሪያ ቤታችሁ ኤክስቼንጅ ስለሆነ አርብ ማታ ሰርቨራችሁ ጠፍቶ ሰኞ ጠዋት ቢነሳ ከእነሱ የመጣው ሜይል ተመልሶ ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛ ኤምኤክስ ማስቀመጥ ይረዳል፤ ግን ሁለተኛው ሰርቨር የተጠቃሚዎቻችሁን ዝርዝር የሚያውቅ መሆን አለበት። ዝርዝሩን ሳያውቅ ሁሉንም ከተቀበለ፣ ዋናው ሲነሳ የሌሉትን እምቢ ይላል፤ ሁለተኛውም ምንም ላልላኩ ሰዎች የአለመድረስ ማስታወቂያ ይበትናል። አይፒው ጥቁር መዝገብ ውስጥ የሚገባው እንዲህ ነው።

ከመቀበል ይልቅ የሚከብደው መላክ ነው። የአይፒው ተገላቢጦሽ ስም (ፒቲአር) ከሰርቨሩ ስም ጋር መግጠም አለበት፤ እሱን የሚሞላው አይፒውን የሰጠው ቴሌኮም እንጂ ዶሜይኑን የሸጠው አይደለም። ብዙ የክላውድ አቅራቢዎችም ወደ ውጭ የሚሄደውን ፖርት 25 ዘግተው ነው የሚሰጡት። ለሠላሳ ሰው ይህን ሁሉ መሸከም አያስፈልግም። ሣጥኖቹ ሆስቲንግ ላይ ይሁኑ። የግድ ቢሮ ውስጥ ይሁን ከተባለ ወደ ውጭ የሚሄደው በ587 ወይም በ465 ለሆስቲንጉ ሰርቨር እየተረከበ በእሱ በኩል ይውጣ።

ፖስታ25
ስለ 24 ሰዓቱ ሜይል_ዲሲ ትክክል ነው፤ ላኪው ማን እንደሆነ አስቀድሞ መታየት አለበት።

ፖፕ ወይስ አይማፕ፦ መልእክቱን ከአንድ በላይ መሣሪያ የሚያነብ ሰው ካለ አይማፕ። ፖፕ3 ላይ ማጥፋት የሚጸናው ፕሮግራሙ "ክዊት" ብሎ በሥርዓት ሲሰናበት ብቻ ነው። መስመሩ መሐል ላይ ከተቆረጠ ሰርቨሩ ምንም አላጠፋም፤ የተጠቃሚው ፕሮግራም ያወረዳቸውን በመለያ ቁጥር የማይመዘግብ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ ሁሉንም እንደገና ያወርዳል። መስመር በሚቆራረጥበት ቦታ አንድ መልእክት ሦስት አራት ጊዜ የሚታየው በዚህ ነው፤ ዳታም ይበላል።

አይማፕ ሄደሩን ቀድሞ፣ አባሪውን ሲጠየቅ ብቻ ማውረድ ይችላል። ዳታ የሚቆጥበው ግን በስልኩ ላይ "ሙሉ መልእክት በራሱ አውርድ" የሚለው ሲጠፋ ነው። አንድ የተደበቀ ወጪ አለው፦ መልእክት ስትልኩ መጀመሪያ በኤስኤምቲፒ ይረከባል፤ ቀጥሎ ፕሮግራሙ ቅጂውን "የተላኩ" ማኅደር ውስጥ ለማስቀመጥ በአይማፕ እንደገና ይጭነዋል። 5 ሜጋባይት አባሪ ያለው መልእክት ሁለት ጊዜ ይወጣል። ሰርቨሩ ራሱ የላኩትን የሚያስቀምጥ ከሆነ (ጂሜይል እንደዚያ ነው) በፕሮግራሙ ላይ ቅጂ ማስቀመጡን አጥፉት።

ስለ መጠን ካነሳን አይቀር፦ አባሪ በቤዝ64 ሲታሸግ 57 ባይት ከመስመር መጨረሻው ጋር 78 ይሆናል፤ 37 በመቶ ገደማ ያድጋል። ሰርቨሩ 10 ሜጋባይት ብሎ ከወሰነ የሚያልፈው ፋይል 7.3 ሜጋባይት ገደማ ነው። "ፋይሌ 9 ነው፣ ገደቡ 10 ነው፣ ለምን 552 አለኝ?" ለሚለው መልሱ ይኸው ነው።

ሰላም_ኔት
ሆስቲንጉ ላይ ወስነናል፤ ኤምኤክሱም ተሞልቷል። ከዌብሜይሉ የተላከው ጂሜይል ይደርሳል። ከስካነሩ እና ከዌብሳይቱ ቅጽ የሚላከው ግን 550 5.7.26 እያለ ይመለሳል። ኤስፒኤፍ አስገብተናል።

ሜይል_ዲሲ
5.7.26 ጂሜይል "የላኪው ማንነት አልተረጋገጠም" የሚልበት ቁጥር ነው። በቅደም ተከተል እዩ።

ኤስፒኤፍ የሚመለከተው ኤንቨሎፑ ላይ ያለውን ዶሜይን እና የላኪውን አይፒ ነው። መዝገቡ ላይ ያለው የሆስቲንጉ ሜይል ሰርቨር ብቻ ከሆነ፣ ዌብሳይቱ ከሌላ ማሽን በራሱ ሲልክ አይፒው አይታወቅም። አይፒ ከመጨመር የሚሻለው ዌብሳይቱ በራሱ እንዳይልክ አድርጎ በ587 በተጠቃሚ ስምና በይለፍ ቃል እንዲያስረክብ ማድረግ ነው። የተረከበውን ሆስቲንጉ በዲኪም ይፈርምበታል፤ ሁለት ችግር በአንድ ይፈታል።

ኤስፒኤፍ መዝገቡ አንድ ብቻ መሆኑን አረጋግጡ። ሁለት አገልግሎት ሲጨመር ሁለት መዝገብ የሚያስገባ ሰው ብዙ ነው፤ ሁለት ሲሆን ሁለቱም ይበላሻሉ። በአንድ መስመር ይዋሐዱ። ከ10 በላይ የዲኤንኤስ ፍለጋ የሚያስከትል ከሆነም ውድቅ ነው።

ዲኪም ላይ የተለመደው ስህተት የቁልፉ ርዝመት ነው። ባለ 2048 ቢት ቁልፍ በአንድ የቲኤክስቲ (በዲኤንኤስ የጽሑፍ መዝገብ) ቁራጭ አይገባም፤ ቁራጩ የሚይዘው 255 ፊደል ነው። በሁለት ጥቅስ ከፍላችሁ በአንድ መዝገብ ውስጥ አስገቡት። አንዳንድ የዲኤንኤስ መሙያ ገጽ ትርፉን ያለ ማስጠንቀቂያ ይቆርጠዋል፤ ስለዚህ ከሞላችሁ በኋላ ከውጭ ጠይቃችሁ እስከ መጨረሻው ፊደል አመሳክሩ።

ስካነሩ ለብቻው ነው። አሮጌ ስካነር ቲኤልኤስ 1.2 የሚባለውን ምስጠራ ስለማያውቅ ሰርቨሩ አይቀበለውም፤ በዚያ ምክንያት በቀጥታ በ25 እንዲልክ ተደርጎ ከሆነ ጂሜይል የሚመልሰው ለዚህ ነው። ቢሮ ውስጥ ባለ አንድ ኮምፒውተር ላይ ፖስትፊክስ ተክላችሁ ከስካነሩ የውስጥ አይፒ ብቻ እንዲቀበል፣ ወደ ውጭ በ587 በይለፍ ቃል እንዲያስረክብ አድርጉት። "ከስካነሩ አይፒ ብቻ" የሚለውን አትዝለሉ። ለሁሉም ክፍት ሆኖ ፋየርዎሉም ከፈቀደለት ለስፓም ላኪዎች መተላለፊያ ይሆናል።

አበበ_ሲስተም
ዲማርክም ይጨመር። ኤስፒኤፍ ኤንቨሎፑን ያያል፣ ዲኪም ፊርማውን ያያል፤ ሰው የሚያየው "ፍሮም" ላይ ያለው ዶሜይን ከአንዳቸው ጋር እንዲገጥም የሚጠይቀው ዲማርክ ብቻ ነው። በ"ነን" (ምንም እርምጃ አይወሰድ በሚለው) ጀምሩ፤ የሚላክላችሁን ሪፖርት ለጥቂት ሳምንታት ተከታተሉ፤ የማታውቁት ላኪ በዶሜይናችሁ እየላከ ከሆነ እዚያ ይታያል፤ ንጹሕ ሲሆን ወደ "ኳራንቲን"፣ ከዚያ ወደ "ሪጀክት"። መልእክት ወደ ሌላ ሣጥን የሚያስተላልፉ ሠራተኞች ካሉ ኤስፒኤፍ በመተላለፉ ይሰበራል፤ ዲኪሙ ግን መልእክቱ ካልተነካ ይጸናል። ለዚህ ነው ዲኪም ሳይሠራ ወደ "ሪጀክት" መሄድ የማይገባው።

ሰላም_ኔት
የኤስፒኤፍ መዝገቡ በእርግጥ ሁለት ነበር፤ አንዱ ከዌብሳይቱ ሠሪ የቀረ ነው። ወደ አንድ ተዋሕዷል። አሁንም ግን ጂሜይል አሮጌውን እያየ ይመስላል።

ሜይል_ዲሲ
የመዝገቡን ቲቲኤል (መልሱ የሚያዝበትን ጊዜ በሰከንድ) እዩት። 86400 ከሆነ ጂሜይል አሮጌውን መልስ እስከ 24 ሰዓት ይዞ መቆየት ይችላል። አሁን መቀነሱ ለዚህኛው አይረዳም፤ የተያዘው መልስ ጊዜውን ጨርሶ ነው የሚለቀቀው። ለሚቀጥለው ለውጥ ግን ከአንድ ቀን በፊት ወደ 300 አውርዱት፤ ለውጡ ሲረጋገጥ መልሱት። ነገ በዚህ ሰዓት ከቅጹ አንድ የሙከራ መልእክት ላኩና ጂሜይል ላይ "ኦሪጅናሉን አሳይ" የሚለውን ክፈቱ፤ ኤስፒኤፍ፣ ዲኪም እና ዲማርክ ሦስቱም "ፓስ" ማለት አለባቸው። አንዱ ካላለ ያንን የሄደር ክፍል እዚህ ለጥፉት፤ የሰዎችን አድራሻ ግን አጥፉ።